የጅባት እሳትና የበጋ ተለማማጆች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ እግሬ ራሱ ደጅ ያወጣኛል። በበጋ አምቦ ላይ ነፋሱ ጠንከር የሚለው በዚያ ሰዓት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሸንተረሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያለሁ። ጎረቤቴ፣ "ጽጌ፣ ደግሞ ማንን ነው የምትጠብቂው?" ትለኛለች። "ማንንም" እላታለሁ። ጭስ እየፈለግሁ ነው ብላት በጡረታዋ አበደች ብላ ለዕድርተኛው ሁሉ ታወራለች።

በደን መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩት ካርታ በእጅ በሚሣልበት ዘመን ነው። በቀጭን ብዕር፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ፣ የወረዳ ወሰንና የወንዝ መስመር፣ የጫካ ዳርና የጋሪ መንገድ እየተከተልኩ ወጣትነቴን ጨረስኩ። ሸነን፣ እጃጂ፣ ጊንጪ እያሉ አዛወሩኝ። ደመወዙን አላነሳውም፤ አንሥቼውም የጨመረልኝ አልነበረም። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ካርታ ሲቀርብለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የራሱ ስም የተጻፈበትን ጥግ ነበር። ሌላው ወንዝ ቀጥ ብሎ እንዲሄድለት ይፈልግ ነበር። "ይኼ ምን ያንቀጠቅጠዋል?" ይለኝ ነበር፣ እጄ ተንቀጥቅጦ መስሎት።

ኮምፒዩተር ሲመጣ አብረውኝ የሚሥሉት ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። እኔ ቀረሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ የፈለገኝ ሌላ ክፍል ስላልነበረ ነው። ያኔ ነው የሳተላይት ምስል ማንበብ የተማርኩት። ዕድሜ ልኬን ጫካን በአረንጓዴ ቀለም ስሥል ኖሬ፣ በምስሉ ላይ ሕይወት ያለው ጫካ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ሲታይ መጀመሪያ ደነገጥኩ። የሰው ዓይን የማያየውን ጨረር መሣሪያው ያየዋል፤ ያ ጨረር በቀይ ይተካል። ቅጠሉ ጤነኛ ከሆነ ይደምቃል፣ ሲጠወልግ ይደበዝዛል፣ ሲቃጠል ይጠቁራል። ይህን ከለመድኩ በኋላ ግን ጫካ ስሄድ አረንጓዴነቱ ያታልለኝ ጀመር።

የእሳትን ነገር ያስተማሩኝ ኦቦ ለሜሳ ናቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲሄዱ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩ። የእሳት ሥነ ምህዳር የሚባል ትምህርት እንዳለ ከእሳቸው በፊት አልሰማሁም። የትኛውን ዛፍ እሳት ይገድለዋል፣ የትኛው ከእሳት በኋላ ይነሣል፣ የተቃጠለ ቦታ እስኪያገግም ምን ይበቅልበታል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። አስታ ላዩ ነድዶ ሲያልቅ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አንዴ ከነደደ በቃው። ኦቦ ለሜሳ አስታ ሲቃጠል ያዝናሉ፣ ጽድ ሲቃጠል ግን ምሳ አይበሉም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለልምምድ መቀበል የጀመረው እሳቸው በመጡ በዓመቱ፣ ሁለት ሺህ ስድስት ግድም ነው። የመጀመሪያው ዓመት አሳፋሪ ነበር። ዕቅዱ በእንግሊዝኛ "ዊንተር" ተብሎ ስለተጻፈ ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው ጥርና የካቲትን "ክረምት" ብሎ ተረጎመው። ልጆቹ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ዣንጥላና የጎማ ቦት ይዘው ከመናኸሪያ ወረዱ። ኦቦ ለሜሳ ሳይስቁ አዩአቸውና፣ "ቦቱን ለቤተሰብ መልሳችሁ ላኩት፣ ትኩስ አመድ ላይ ይቀልጣል። ዣንጥላው ለፀሐዩ ይሆናል" አሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የበጋ ልምምድ ተባለ። እሳት የሚነሣው በበጋ ነው፤ እሳት የሚማር ሰውም በዚያን ጊዜ መምጣት አለበት።

ኦቦ ለሜሳ ሦስት ነገር ነበራቸው፣ ማንም የማያስጥላቸው። መኪና ሲቆም ፊቱ ወደ መውጫው መዞር አለበት፤ ሹፌሩ ቢቸኩልም፣ መንገዱ ቢጠብብም፣ ሳይዞር ማንም አይወርድም። ሁለተኛ፣ ተማሪ ኮምፒዩተር ከመክፈቱ በፊት ተራራው ፊት ተቀምጦ ያየውን በእርሳስ ይሥላል። አንዱ ተማሪ፣ "እኔ የሥዕል ትምህርት አልተማርኩም" ቢላቸው፣ "እሳቱም አልተማረም፣ መንገዱን ግን ያውቃል" አሉት። ሦስተኛው፣ እሳት ጠፋ አይሉም። ነበልባሉ በማይታይበት ቦታ ሁሉ ተንበርክከው የእጃቸውን ጀርባ ወደ አመዱ ያስጠጋሉ። መዳፍ ሥራ ለምዶ ደንዝዟል፤ ጀርባው ነው እውነቱን የሚናገረው ይሉ ነበር። ሙቀት ከተሰማቸው ይቆፍራሉ። ከተቆፈረ በኋላም በማግስቱ ተመልሰው ይዳስሳሉ፣ በማግስቱም እንደገና።

የእኔ ድርሻ ምስሉ ነበር። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሳሳቱት በጥላ ነው። የጥር ፀሐይ ጠዋት ዝቅ ብላ ስለምትወጣ የሸንተረር ጥላ በምስሉ ላይ ልክ እንደ ተቃጠለ መሬት ይጠቁራል። አንድ ዓመት አንድ ተማሪ ግማሽ ተራራ ተቃጠለ ብሎ ሪፖርት አዘጋጅቶ ለኃላፊዎች ሊልክ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። "ከወር በፊት የተነሣውን ምስል ክፈት" አልኩት። እዚያም ጠቁሯል። ከክረምት በኋላ የተነሣውን ከፈተ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስላለች ጥቁሩ የለም። ልጁ ላቡን ጠረገ። እንዲህ ያለውን ነገር ማስተማር ደስ ይለኝ ነበር።

ሐናን የመጣችው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ከድሬዳዋ ናት። የርቀት ዳሰሳ ተማሪ ነበረች፤ ከሳተላይት ምስል ሙቀትና ድርቀት መለየት ታውቃለች፣ ጫካ ውስጥ ግን ገብታ አታውቅም። መጀመሪያ ቀን፣ "እትዬ ጽጌ፣ እኛ አገር አስፋልቱ ነው የሚነድደው" አለችኝ። ቀልደኛና ፈጣን ነበረች። ኦቦ ለሜሳ ገና በሳምንቱ ወደዷት፤ መውደዳቸው የሚታወቀው ጥያቄ በማብዛታቸው ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ፣ ሁዳዴ በገባ ሰሞን፣ ከሸነን በላይ ጅባት ጫካ ውስጥ እሳት ተነሣ። ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማር ቆራጭ ነው ያለ አለ፣ ከሰል አክሳይ ነው ያለም አለ። የሸነንና የአካባቢው ገበሬ ቅጠል፣ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ሴቶቹ በጄሪካን ውሃ ይዘው ዳገቱን ይወጡ ነበር፤ ውሃው ግን ለእሳቱ አይበቃም፣ ለሰዉ ጉሮሮ እንኳ አልበቃም። በአብዛኛው የሚያሸንፈው አፈር ነው። አፈር እያለበሱ፣ ቅጠል እየመቱ፣ ከእሳቱ ፊት ያለውን ደረቅ ሣር እየመነጠሩ ቀናት ሠሩ። በመጨረሻ ነበልባሉ ከዓይን ጠፋ።

እኛ ሸነን ውስጥ በአንድ ቢሮ ጥግ ነበርን። ሳተላይቱ በቀን ጥቂት ጊዜ በላያችን ያልፋል፤ የጋለ ቦታ ካየ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል። ሐናን ስልኳን መስኮት ላይ ሰቅላ ኔትወርክ እየለመነች የቀትሩን ምስል አወረደች። ኦቦ ለሜሳ ከጫካው ወርደው ልብሳቸው አመድ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሙ።

"ነጥብ አለ?"

"የለም" አለች ሐናን። "የትናንቶቹ ሁሉ የሉም።"

"የለም ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከላይ የሚታይ ግለት የለም ማለት ነው። ከዛፍ ጥላ ሥርና ከመሬት ውስጥ ያለውን አያይም።"

"ጎበዝ" አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ወደ ሜዳው አብረናቸው ወጣን።

ሰዉ ሜዳው ላይ ተዘርሯል። ጫማው የቀለጠበት ሰው እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። አንድ አዛውንት በዶማቸው ተደግፈው ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የወረዳው ሰው ቀረብ ብሎ፣ "ኦቦ ለሜሳ፣ ይኼ ሕዝብ ጾመኛ ነው፣ ማሳውና ከብቱ ጠባቂ የለውም። ነጥብም የለም ተብሏል። እናሰናብተው" አላቸው። ነበልባል ከጠፋ በኋላ ለቀናት ሰው ይቀመጣል፣ መሬት ይዳሰሳል የሚለውን የኦቦ ለሜሳን ደንብ የማያውቅ አልነበረም። የሚናገሩትን ጠበቅን። ሰዉን አንድ በአንድ አዩት፣ ወደ ጫካው ዞረው አዩ፣ ተመልሰው አዛውንቱን አዩ።

"ሂዱ፣ ዕረፉ" አሉ በኦሮምኛ። "ከነገ ወዲያ ጠዋት እንመለሳለን።"

ሰዉ መረቀና ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ቶሎሳ የሚባል ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎዎቹ ጫካው ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ተሰቅለው ነበር። "እኔ ልቆይ፣ ንቦቼ እዚህ ናቸው" አለ። ኦቦ ለሜሳ ትከሻውን ይዘው፣ "ውስጥ ብቻህን እንዳትገባ። ሜዳው ላይ ሆነህ እይ። ጭስ ካየህ ደውል" አሉት።

"እሺ ኦቦ" አለ ቶሎሳ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የኦቦ ለሜሳ ስልክ ጮኸ፤ ቶሎሳ ነው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። "ትንሽ ጭስ ናት። ከቀፎዬ ሥር። አንድ ሁለት አካፋ አፈር ላልብሳት።"

"አትግባ! ቶሎሳ፣ አትግባ፣ እየመጣን ነው!"

መስመሩ ተቋረጠ። ሲደውሉለት አይሰራም ይላል። ሹፌራችን እንዲያ ሲነዳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ በመንገዱ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጎነብሳል። ሐናን እጄን ይዛለች፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

ሜዳው ላይ ቶሎሳ የለም። ጋቢው ድንጋይ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጫካው ዳር ጭሱ ትንሽ አልነበረም፤ ከመሬቱ ከየቦታው ይወጣል። ኦቦ ለሜሳ፣ "እኔ በረገጥኩበት ብቻ ርገጡ፣ ቀና እያላችሁ ዛፉን እዩ" አሉና ገቡ። እሳቱ ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ሥር ሲበላ ውሏል። ሥሩን የተበላ ዛፍ ነፋስ አይጠብቅም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ይወድቃል። ከግራችን አንዱ ሲወድቅ ሰማን፤ እንደ መድፍ ጮኸ፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ሐናን ጮኸች። ኦቦ ለሜሳ ቆሙ፣ አዳመጡ፣ ተጓዙ።

ቶሎሳን ያገኘነው በንቡ ድምፅ ነው። ቀፎው ወድቆ ተሰንጥቋል፣ ንቡ በላዩ እንደ ጭስ ይዞራል። ትልቅ ኮሶ ወድቆ ግንዱ ወገቡን ተጭኖታል። አካፋው ከእጁ አልወጣም። ሹፌሩና እኔ ግንዱን በሌላ እንጨት ስናነሣ ኦቦ ለሜሳና ሐናን ጎተቱት። ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ክፍት ነው። በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨትና በእኔ ነጠላ፣ ከድንጋዩ ላይ ባነሣሁት በራሱም ጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ተሸከምነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጊዜ ተናገረ።

"ቀፎዎቹስ?"

ሐናን ኦሮምኛ ብዙ አታውቅም፤ ይህችን ግን ገባት። "ደህና ናቸው" አለችው። አንዱንም ዞር ብላ አላየችም ነበር።

መኪናው ጋ ሳንደርስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ኦቦ ለሜሳ በሰው መሃል ተነሥተው፣ "ሰዉን ያሰናበትኩት እኔ ነኝ። መቅረት የነበረበት ብዙ ሰው ነው። አንድ ሰው የቀረው በእኔ ቃል ነው" አሉ። ያስገደዳቸው አልነበረም። ሰዉ፣ "የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ ኦቦ፣ ተቀመጡ" ይላቸው ነበር። የቶሎሳ ሚስት አዴ ጫልቱ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። "ሁሉን አሰናበትክ" አለቻቸው፣ አንተ ብላ። "እሱን ማን አሰናበተው?" ኦቦ ለሜሳ ቆመው ቀሩ።

ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር፤ ተቆጥቼ ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ በእርማቱ የጨቀጨቀኝ ሰው፣ እጁን አመድ ውስጥ ሳይከት አንድ እርምጃ የማይራመድ ሰው፣ በዚያች ቀን ለምን? መልሱን አውቀው ነበር፤ አዛውንቱ ቆመው ሲያንቀላፉ አይተው ነው። ርኅራኄ ነው። ግን ርኅራኄው ቶሎሳን ገደለው፤ ያንን ከአእምሮዬ ማውጣት አቃተኝ። ለብዙ ጊዜ ቢሮ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን።

ሐናን ደግሞ ከኮምፒዩተሩ አልነሣ አለች። የዚያን ቀን ምስሎች ሁሉ አውርዳ፣ ከነጥቡ በስተጀርባ ያለውን የሙቀት መጠን ከቦታ ቦታ ስትፈትሽ ሳምንታት ፈጀች። የቶሎሳ ቀፎ የነበረባትን ቁራሽ ቦታ በየምስሉ ፈልጋ አሳድዳ አየቻት። አንድ ቀን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ "ምንም የለውም፣ እትዬ ጽጌ" አለች። "ምስሉ ንጹሕ ነው። ምልክት ኖሮ ብንስተው ይሻለኝ ነበር።" ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ሳይንሱ ስላልዋሸ ነበር ያለቀሰችው። የሚያየውን አይቶ፣ የማያየውን ሳያይ አለፈ፤ የሚከሰስ ነገር አጣች።

"ይኼን ትምህርት እተዋለሁ" አለችኝ በዚያው ቀን።

"ልምምድሽ ገና አላለቀም፤ የተቃጠለውን ዳር የሚለካ ሰው እፈልጋለሁ" አልኳት። ወጣን። ከጽዱ ሥር ቆመን፣ ከአስታው ሥር ቆመን ለካን። ከዝናቡ በፊት የመጀመሪያው የአስታ ቀንበጥ ከጥቁሩ ጉቶ ብቅ ሲል ያየችው እሷ ናት። ፎቶ አነሣችው። ትምህርቷን አልተወችም።

ኦቦ ለሜሳ ከዚያ በኋላ እሳት መርተው አያውቁም። ተማሪ ማስተማሩን ግን ቀጠሉ። በየዓመቱ አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግሩት የቶሎሳን ታሪክ ነበር፤ ስሙን፣ የሠሩትን ስህተት፣ በምን ምክንያት እንደሠሩት። ድምፃቸው አይለወጥም፣ ምክንያት አይደረድሩም። ልጆቹ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኋቸውና፣ "ኦቦ ለሜሳ፣ ምሳ እንብላ" አልኳቸው። "እንብላ" አሉ። እርቃችን ይኸው ነበር። በየዓመቱ ሸነን እየወጡ ለአዴ ጫልቱ ቀፎ ይሰቅላሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ጠይቄአቸው አላውቅም። ጡረታቸው ሲደርስ ወደ ትውልድ ቦታቸው፣ ወደ እጃጂ ገቡ።

ከዚያ ክፉ ዓመታት መጡ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ተለማማጅ ያልመጣበት በጋ አለ። ምስል ማውረድ በማንችልበት ጊዜ ከፍታ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን ዓይናችን ነበሩ፤ ስልክ በሠራ ቀን ይደውላሉ፣ ባልሠራ ቀን ወደ ከተማ በሚወጣ ሰው ይልካሉ። ጫካ ውስጥ ጭስ ቢታይ የእሳት ይሁን የሌላ ነገር ሳናውቅ፣ መሄድ ይቻል አይቻል ስንከራከር ሰዓቱ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ሄደን ከኬላ ተመልሰናል። ከሩቅ ሆኖ ጫካ ሲነድ ማየት ምን እንደሚመስል በዚያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ሐናን ተመርቃ፣ ሌላ ቦታ ሠርታ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ የክፍሉ ኃላፊ ሆና አምቦ ተመልሳ መጣች። ቀልዷ ቀንሷል። መኪናውን ሳያዞር የቆመ ሹፌር ግን አይችላትም።

የመጨረሻ በጋዬ ላይ ሦስት ተለማማጆች ነበሩን። ጥር ላይ የደንዲን የድርቀት ካርታ ሠሩ፤ ከደንዲ ሐይቅ በላይ ያለውን ተዳፋት፣ የትኛው ቦታ ሣሩ እንደደረቀ የሚያሳይ። አንድ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ደርቆ ታየ። የአካባቢው ሰዎች ሳቁብን፤ እዚያ ውስጥ ምንጭ አለ፣ በጋ ከክረምት አይደርቅም አሉ። ሐናን አልተከራከረችም። ልጆቹን ላከቻቸው። ሲመለሱ ሣሩ ጣታቸው ላይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፣ ምንጩም ጭቃ ብቻ ሆኗል አሉ። ሰዎቹም የዚያ ዓመት ዝናብ እንዳጠረ ያውቁ ነበር፤ ግን እዚያ ድረስ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የካቲት ላይ ከሐይቁ ወገን፣ ከታች፣ እሳት ተነሣ። ስንደርስ እሳቱ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይመጣል። መንደሩ ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው፤ በመንደሩና በእሳቱ መሃል የሰዎቹ ባሕር ዛፍ አለ። የመንደሩ ወጣቶች ቅጠልና ዶማ ይዘው እሳቱን ፊት ለፊት ሊገጥሙት ወደ ሸለቆው ወርደዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጫፉ ላይ ቆሞ ያበረታታቸዋል።

"አስወጣቸው" አለችው ሐናን ከመኪናው ሳትወርድ።

"ለምን? እሳቱን በቅርብ መንገድ የሚያገኙት በሸለቆው ነው። ውስጡ ምንጭ አለ፣ እሳቱ አይገባበትም።"

"ዘንድሮ ደርቋል። ልጆቹ ሄደው አይተውታል። እሳቱ ከሥር ከያዘው ሸለቆው ጭስ ማውጫ ይሆናል፣ ከእግራቸው ይፈጥናል።"

"እነሱ ከወጡ ባሕር ዛፉ ያልቃል። ይኼ ባሕር ዛፍ ሰው ልጁን የሚያሳድግበት ነው። ማን ይጠየቃል?"

"እኔ" አለች።

ሊቀመንበሩ አመነታ። ሐናን አልጠበቀችውም። የሸንተረሩ ጫፍ ላይ ቆማ፣ "ባኣ! ባኣ!" እያለች ትጮህ ጀመር፤ ውጡ፣ ውጡ ማለቷ ነው። የእሳቱ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው። ሹፌሩ የመኪናውን ጥሩምባ ያዘ፣ አልለቀቀውም። ሦስቱ ተለማማጆች ጫፉን ይዘው እየሮጡ ነጠላና ጃኬት ያውለበልባሉ። ቀስ በቀስ ሊቀመንበሩም መጮህ ጀመረ። አንድ ወጣት ቀና ብሎ አየን፣ ተቆጣ፣ እጁን ወረወረብን። ሌላው ግን ወደ ታች ዞር ብሎ አየና ዶማውን ጥሎ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ሮጡ።

ምን ያህል ሰው እንደወረደ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ሐናን የወጣውን ሁሉ ክንዱን እየያዘች፣ "ከኋላህ ማን ቀረ? ከኋላህ ማን አለ?" ትላለች። ጭሱ ሸለቆውን ሞላው። በጭሱ ሥር የሣሩ ፍንጣሪ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እሳቱ ራሱ፣ ወደ ላይ እንደሚሮጥ ፏፏቴ። ሁሉም ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ መንደሩ ጥግ ወዳለው የታረሰ ማሳ እንዲገቡ ጮኽን። ሐናን ግን ጫፉ ላይ ቀረች። ክንዷን ይዤ ጎተትኳት፤ "አንዲት ደቂቃ፣ እትዬ ጽጌ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከጭሱ ሳትነቅል። ከጭሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሦስተኛውን በመሃላቸው ይዘው ብቅ አሉ። እግሩ ተጎድቷል። እሷና አንዱ ተለማማጅ ወርደው ተቀበሏቸው። ማሳው ላይ ስንወድቅ እሳቱ ቆመንበት የነበረውን ጫፍ አለፈ። ባሕር ዛፉ ዘይት እንደተደፋበት ቦግ አለ። ከማሳው ሲደርስ ግን የሚበላው አጣ፤ ቤት አልተነካም።

ሁሉም ተገኙ። እናቶች ልጆቻቸውን በስማቸው እየጠሩ አገኟቸው።

ወዲያው ባሕር ዛፋቸው ያለቀባቸው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየጣሉ እያነሡ መጡ። "አንቺ ሴትዮ!" አሏት ሐናንን። "ዛፌን ለእሳት አበላሽው! ልጆቹ ቢቀሩ ይመቱት ነበር! በዕድሜሽ አያልፍልሽ!" ሊቀመንበሩ ሊይዛቸው ሲል ሐናን እጇን አንሥታ ከለከለችው። አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ "ከልጆችዎ እዚያ ውስጥ የነበረ አለ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ቆሙ። ዞር ብለው ፈለጉ። ልጃቸው ማሳው ላይ ተዘርግቶ ከጄሪካን ውሃ ይጠጣል፣ ቅንድቡ ተለብልቧል፣ ፊቱ ከጥላሸት አይለይም። ሽማግሌው ሄደው በላዩ ቆሙ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከጄሪካኑ ውሃ ነከሩና ጎንበስ ብለው ፊቱን ይጠርጉት ጀመር፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የአፍንጫውን ሥር፣ ጥቁሩ እስኪለቅ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሽማግሌው ጋቢውን ሳይለቁ፣ በሌላ እጃቸው የልጁን ራስ እንደያዙ፣ ወደ ሐናን ዞሩና ስድባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

"ይስደቡኝ፣ አባባ" አለች ሐናን፣ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ። "እስኪመሽ ይስደቡኝ።"